የጓሯችን ኒዕማ፤ ማብቀል፣ መልቀም፣ ሳያባክኑ ማቆየት

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ከቀረበ ንግግር ለመጽሔቱ አንባብያን የተዘጋጀ)

ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ዛሬ ይዘንላችሁ የቀረብነው ርዕስ ከየቤታችን ደጃፍ የማይርቅ ነው፤ እርሱም የጓሮ አትክልት ነው። ስለ መትከል ብዙ ይነገራል። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የሌማት ትሩፋት በሚል መርሐ ግብር፣ ከዚያም በፊት በከተማ ግብርና ስም፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ ባለው ቦታ ላይ እንዲያለማ ሲመከር ቆይቷል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ብዙዎቻችን የምንዘነጋው አንድ ጉዳይ አለ። ጎመኑ ከበቀለ፣ ቲማቲሙ ከቀላ፣ በርበሬው ከደረሰ በኋላ ምን ይሆናል? በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁሉም በአንድ ላይ ይደርስና ግማሹ ይበላል፤ ግማሹ ግን ለስልሶና ሻግቶ ወደ ቆሻሻ ገንዳ ይሄዳል። ከወር በኋላ ያው ቤተሰብ ያንኑ አትክልት በውድ ዋጋ ከገበያ ይገዛል።

እንግዲህ የዛሬው መልእክታችን አንድ ነው። አላህ ከመሬት ያበቀለልን ነገር ወደ አፋችን ወይም ወደ ተቸገረ ወንድማችን አፍ እስኪደርስ ድረስ በእጃችን ያለ አማና ነው። ማብቀል የሥራው ግማሽ ነው፤ በአግባቡ መልቀምና ሳይበላሽ ማቆየት ደግሞ ሌላው ግማሽ ነው።

ዘር መዝራት ዒባዳ ሲሆን

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ዋቂዓ (56፡63-64) የምንዘራውን ነገር የምናበቅለው እኛ ነን ወይስ እርሱ አብቃዩ እንደሆነ ይጠይቀናል። ይህን ጥያቄ ልብ ያለ ሰው ጓሮው ውስጥ ገብቶ አንዲት ቅጠል በቆረጠ ቁጥር ባለቤቷን ያስታውሳል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ደግሞ፣ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ አንድ ሙስሊም ከተከለው ዛፍ ወይም ከዘራው ዘር ላይ ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላ ሶደቃ እንደሚሆንለት አስተምረውናል። ወፍ የበላው ሳይቀር ማለት ነው! ሰልማኑል ፋሪሲ (ረ.ዐ.) ከባርነት ነጻ ለመውጣት 300 የተምር ችግኝ እንዲተክሉ ስምምነት በገቡ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ችግኞቹን በተባረኩ እጆቻቸው እንደተከሉላቸው ኢማም አሕመድ ዘግበዋል። እጅን አፈር ማስነካት ውርደት የሚመስለው ሰው ካለ ይህን ታሪክ ያስብ።

ስለዚህ አንዲት እናት ከደጇ የጎመን ችግኝ ስትተክል ኒያዋን ብታስተካክል፣ ልጆቿን ከሐላል ለመመገብ፣ ባለቤቷን ከወጪ ለማገዝና ጎረቤቷን ለማካፈል ብታስብ፣ ኩትኳቶዋ ሁሉ አጅር ያለው ሥራ ይሆንላታል።

«ቦታ የለንም» ለምንል

የጓሮ አትክልት ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣው ምክንያት የቦታ ጥበት ነው። በርግጥ በከተማ የምንኖር ብዙዎቻችን ተከራዮች ነን፤ አንዳንዶቻችንም የምንኖረው በኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ ነው። ይሁንና አንድ ሜትር ስፋትና አምስት ሜትር ርዝመት ያለው መደብ ለአንድ ቤተሰብ የጎመንና የቆስጣ ፍጆታ ትልቅ እገዛ ያደርጋል። ያም ከሌለ ባዶ ጆንያ አለ። ጆንያውን በለም አፈርና በበሰበሰ ፍግ እየሞሉ፣ መሐሉ ላይ ከታች እስከ ላይ ጠጠር እንደ ምሰሶ አድርጎ መደርደር ነው። ውሃው በጠጠሩ ውስጥ ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያ አፉ ላይም፣ ጎኑን በትንሽ በትንሹ ቀዶም ጎመን መትከል ይቻላል። ቃሪያ፣ ጤና አዳም፣ በሶብላና ድንብላል ደግሞ በተቀደደ ባልዲና በዘይት ጀሪካን ውስጥ ይበቅላሉ፤ ከሥሩ ውሃ የሚያስወጣ ቀዳዳ መኖሩን ብቻ ማረጋገጥ ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ የሰው ሐቅ እንጠብቅ። የተከራየነው ግቢ ከሆነ የባለቤቱን ፈቃድ እንጠይቅ። የሰውን መሬት ስንዝር ያህል እንኳ በግፍ የወሰደ ሰው በቂያማ ቀን ምን እንደሚጠብቀው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስጠንቅቀዋል። ፎቅ ላይ የምንተክል ደግሞ ውሃው በታች ባለው ጎረቤታችን ልብስ ላይ እንዳይንጠባጠብ እንጠንቀቅ። በአንድ ሰው አዛ ላይ የበቀለ ጎመን ምን በረካ ይኖረዋል?

ሁለተኛ፣ ውሃውን እንወቅ። በአዲስ አበባ ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች ከፋብሪካና ከመኖሪያ ቤት በሚወጣ ፍሳሽ የተበከሉ መሆናቸው በተደጋጋሚ በጥናት የታየ ጉዳይ ነው። በእንዲህ ያለ ውሃ የጠጣ ሰላጣ ከላይ ቢታጠብም በውስጡ የገባው የከባድ ብረት ብክለት በእጥበት አይወጣም። የጓሮ አትክልት ትልቁ ጥቅምም እዚህ ላይ ነው፤ ልጆቻችን የሚበሉት ምን ጠጥቶ እንዳደገ እናውቃለን። አትክልትና ሩዝ የታጠበበት ውሃ ሳይደፋ ለመደቡ ሊውል ይችላል፤ በረኪናና ብዙ ሳሙና ያለበት ግን ይቅር።

ሦስተኛ፣ አፈሩን እንመግብ። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የድንች ቅርፊት፣ የቡና አተላ፣ የደረቀ ቅጠልና የበግ ፍግ በአንድ ጉድጓድ ተደራርቦ፣ እርጥበቱ ተጠብቆና አልፎ አልፎ እየተገለበጠ ከሦስት እስከ አራት ወር ቢቆይ ጥቁር ብስባሽ ይሆናል። ትኩስ ፍግ በቀጥታ ሲደረግ ግን ሥሩን ያቃጥላል፤ በጥሬው ለሚበላ ሰላጣና ካሮትም የበሽታ ምንጭ ይሆናል።

ምን፣ መቼ እንትከል?

ጎመን፣ ቆስጣ፣ ድንችና ካሮት ለደጋና ለወይና ደጋ የሚስማሙ ናቸው። የጎመን ዘር በመደብ ፈልቶ ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ሲሆነው፣ በችግኞቹ መካከል ወደ 40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ተጠብቆ ይዛወራል። ካሮት ግን መዛወር አይወድም፤ ቋሚ ቦታው ላይ ይዘራና ሲበቅል ይሳሳል። ቲማቲም ሙቀት ወዳድ ነው። በደጋ በክረምት ዝናብ ከተተከለ ቅጠሉን በሽታ ያጠቃዋል፤ ስለዚህ ዝናቡ ሲያባራ ተክሎ፣ በእንጨት ደግፎ፣ ቅጠሉን ሳያረጥቡ ከሥሩ ማጠጣት ይሻላል።

ዋናው ምክራችን ግን ይህ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ቀን አትትከሉ! ሰላጣ፣ ቆስጣና ካሮት በየሦስት ሳምንቱ በትንሽ በትንሹ ቢዘሩ ምርቱም በየተራ ይደርሳል። ብዙው ብክነት የሚጀምረው ከመልቀሙ ሳይሆን ከመዝራቱ ነው። አሥራ አምስት የቲማቲም ችግኝ የተከለ ሰው የቲማቲሙን መቆያ አብሮ ማሰብ ነበረበት።

በጎመን ላይ ክሽክሽ ሲወጣ ወደ መርዝ ከመሮጣችን በፊት ጥቂት ሳሙና የተበጠበጠበት ውሃ ከቅጠሉ ሥር መርጨትና ክፉኛ የተያዙትን ቅጠሎች ቆርጦ ማስወገድ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ለእርሻ የሚሸጥ መርዝ የግድ ከሆነ መጠኑ በመለያው ላይ እንደተጻፈው ይሁን፤ ከተረጨበት ቀን እስከ መልቀሚያው ቀን መቆየት ያለበት ጊዜም ይጠበቅ። የመርዙን ዕቃ አጥቦ ለዘይት ወይም ለውሃ መጠቀም በፍጹም አይገባም።

በመልቀሚያው ቀን

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል አንዓም (6፡141) ፍሬው ባፈራ ጊዜ እንድንበላ፣ በአጨዳው ቀን ሐቁን እንድንሰጥና እንዳናባክን አዞናል። ሦስቱ ትእዛዛት በአንዲት አንቀጽ ውስጥ መምጣታቸው ያስተምረናል፤ መብላትም፣ መስጠትም፣ አለማባከንም በመልቀሚያው ቀን የሚታሰቡ ናቸው። በሱረቱል ቀለም ደግሞ (68፡17-33) የአትክልት ስፍራ ባለቤቶች ታሪክ ተነግሮናል። ድሆች ሳያዩን በማለዳ እንልቀም ብለው ተማማሉ፤ «አላህ ቢሻ» አላሉም። በተኙበት ሌሊት የአላህ ቁጣ ወረደበትና ጠዋት ሲደርሱ የለሙት ሁሉ ጠቁሮ አገኙት። ለድሃ የተከለከለ ምርት ለባለቤቱም አልሆነም።

ወደ አለቃቀሙ ስንመጣ፣ ጥበቡ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ማስተዋል ይጠይቃል። ጎመን ከሥር በኩል ያሉት ቅጠሎች እየተቆረጡ ጫፉ ሳይነካ ከተተወ ለወራት ይሰጣል። ጫፉን የቀነጠሰ ሰው ግን የአንድ ቀን ወጥ አግኝቶ የብዙ ሳምንት ምግብ አጣ። ቅጠላ ቅጠል በማለዳ፣ ፀሐይ ሳያጠወልገው ይለቀም። ለማድረቂያ የሚሆነው ግን ጤዛው እስኪነሳ ይጠበቅ። ቲማቲም መቅላት ሲጀምር ተለቅሞ ቤት ውስጥ ቢቀመጥ ይበስላል፤ የተሰነጠቀውና የተመታው ለብቻው ተለይቶ በዚያው ቀን ይሠራ። ሽንኩርት ግማሽ ያህሉ ቅጠሉ ሲወድቅ፣ ነጭ ሽንኩርት የታች ቅጠሎቹ ቢጫ ሲሆኑ ውሃ ይቋረጥባቸውና ይነቀላሉ። ድንች ተክሉ ከደረቀ በኋላ ወደ ሁለት ሳምንት ያህል በአፈር ውስጥ ቢቆይ ልጣጩ ይጠነክራል። ዱባ ግንዱን ይዞ ይቆረጥ፤ ግንዱ የተነቀለበት ዱባ ከዚያች ቀዳዳ መበስበስ ይጀምራል።

ነቢዩላህ ዩሱፍና የማቆየት ጥበብ

ምግብን ለነገ ማቆየት ከተወኩል ጋር አይጋጭም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሳል። አይጋጭም! ነቢዩላህ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) የንጉሡን ሕልም ሲፈቱ፣ ሰባት ዓመት አከታትለው እንዲዘሩ፣ ከሚበሉት ጥቂት በስተቀር ያጨዱትን በዛላው ውስጥ እንዳለ እንዲተዉት መከሩ (ሱረቱ ዩሱፍ 12፡47)። ልብ በሉ፤ አስቀምጡ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚቀመጥም ነገሯቸው። ፍሬው በገለባው ሲጠበቅ እርጥበትና ተባይ በቀላሉ አያገኘውም። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ለቤተሰባቸው የዓመት ቀለብ ያስቀምጡ እንደነበር በቡኻሪ ተዘግቧል። የተወገዘው ኢሕቲካር ነው፤ ይኸውም ሰው እየተራበ ዋጋው እስኪወደድ ምግብ ደብቆ መያዝ ነው። ለቤተሰብ ማቆየት ሌላ፣ በሰው ረሃብ ለማትረፍ መደበቅ ሌላ!

የእኛም አገር እናቶች በዚህ ጥበብ የታወቁ ናቸው። የስልጤና የጉራጌ እናቶች ዓመታት የፈጀውን የጓሮ እንሰት ፍቀው በቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ውስጥ በማብላላት ለወራትና ከዚያም በላይ የሚቆይ ቆጮ ያደርጉታል። ለሩቅ መንገድ የሚሰነቀው በሶና ድርቆሽም የዚያው ጥበብ ልጅ ነው። ውሃው ከወጣ፣ ጨው ወይም ኮምጣጣ ነገር ከገባ፣ ወይም ብርድ ካገኘው ምግብ ይቆያል። ከዚህ በታች የምንዘረዝረው ሁሉ በእነዚህ ላይ የቆመ ነው።

ማድረቅ፦ በርበሬ ቀልቶ ከተለቀመ በኋላ በባዶ መሬት ላይ አይሰጣ። ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ወይም በንጹሕ ሰሌን ላይ ስስ ተደርጎ ይዘርጋ፤ ማታ ማታ ከጤዛ ይግባ። ደረቀ የሚባለው ሲነቀነቅ ውስጡ ያለው ፍሬ ሲንኮሻኮሽና ዛላው ሲታጠፍ ሲሰበር ነው። ቲማቲም ለሁለት ተከፍሎ፣ ጥቂት ጨው ተነስንሶበትና ዝንብ እንዳያርፍበት በስስ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ጠንካራ ፀሐይ ባለበት ወቅት በጥቂት ቀናት ውስጥ ይደርቃል። ጎመንና ቆስጣ ታጥበው፣ በፈላ ውሃ ውስጥ ሁለት ሦስት ደቂቃ ገብተው ከወጡ በኋላ በጥላ ሥር ነፋስ ባለበት ይድረቁ። በቀጥታ ፀሐይ ላይ ከዋሉ ለዓይን የሚጠቅመው ቫይታሚን ኤ ይባክናል። በሶብላና ጤና አዳም በትንንሽ እስር ተንጠልጥለው በጥላ ይደርቃሉ።

በጥሬው ማስቀመጥ፦ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አንድ ሁለት ሳምንት በጥላ ተዘርግተው አንገታቸው ይድረቅ፤ ከዚያ በተንጠልጣይ ቋት ወይም በቀዳዳማ ቅርጫት ይቀመጡ። አንገቱ ወፍራም የሆነው ቶሎ ስለሚበሰብስ አስቀድሞ ይበላ። ድንች ሳይታጠብ በጨለማና ነፋሻ ቦታ፣ ከሽንኩርት ተለይቶ ይቀመጥ። ብርሃን ያገኘው ድንች አረንጓዴ ይሆናል፤ ይህም መራራና መርዛማ ነገር እንዳለበት ምልክት ስለሆነ አረንጓዴው በደንብ ተቆርጦ ይጣል፤ በጣም የተበከለው ድንች ጨርሶ አይበላ። ካሮት ቅጠሉ ተቆርጦ በሣጥን ውስጥ እርጥበት ባለው አሸዋ ቢቀበር ለሳምንታት ይቆያል።

አቼቶና ጨው፦ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ኮምጣጤን መልካም ማባያ ብለው እንዳወደሱ ኢማም ሙስሊም ዘግበዋል። ቃሪያ፣ ካሮትና ጥቅል ጎመን በአቼቶና በጨው ተዘፍዝፈው ለማዕድ ድምቀት ይሆናሉ። አቼቶውን በውሃ አብዝቶ ማቅጠን ግን የመጠበቅ ኃይሉን ያጠፋዋል። የፍራፍሬ ጭማቂን በተመለከተ ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቤት ውስጥ የተጨመቀ የወይን ወይም የአናናስ ጭማቂ ያለ ማቀዝቀዣ ሲቆይ ይብላላና ወደ አስካሪነት ይለወጣል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የተዘፈዘፈ የዘቢብ መጠጥ ከሦስት ቀን በላይ ሲቆይ እንደማይጠጡት በሙስሊም ተዘግቧል። አረፋ ያወጣና ሽታው የተለወጠ ጭማቂ ለልጆቻችን አይቅረብ።

ማቀዝቀዝ፦ ፍሪጅ ያለን ቤተሰቦች የተቀቀለ ጎመን፣ የተፈጨ ቲማቲምና ድንብላል በትንንሽ ከረጢት ከፋፍለን ማስቀዝቀዝ እንችላለን። በተለይ ረመዳን ከመግባቱ በፊት፣ አትክልት በሚረክስበት ሰሞን፣ ለሹርባና ለሳምቡሳ የሚሆነውን ማዘጋጀት ኪስንም ጊዜንም ይቆጥባል፤ እናቶቻችንም በኢፍጣር ሰዓት ከምድጃ ጋር ከመታገል ለዱዓ ፋታ ያገኛሉ። መብራት ሲጠፋ በሩን አትክፈቱ። የሞላ ማቀዝቀዣ ካልተከፈተ ወደ 48 ሰዓት ይጠብቃል፤ ተራው የፍሪጅ ክፍል ግን ከአራት ሰዓት በኋላ የበሰለ ምግብን አይጠብቅም።

ሁለት የተሰወሩ አደጋዎች

ውድ አድማጮቻችን፣ ከዚህ በታች ያለውን በተለይ እንድትይዙልን እንለምናለን።

የመጀመሪያው ሻጋታ ነው። በ1960 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ አገር ከ100 ሺህ የሚበልጡ ተርኪ የሚባሉ የፈረንጅ ዶሮዎች ባልታወቀ በሽታ ረገፉ። ሲመረመር ምክንያቱ የሻገተ የለውዝ መኖ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ሻጋታ የወጣው መርዝ አፍላቶክሲን ይባላል። በሰውም ላይ ጉበትን ይጎዳል፤ ለጉበት ካንሰርም ያጋልጣል። ሳይደርቅ የተከማቸ በርበሬ፣ ለውዝና በቆሎ ላይ ይወጣል። በወጥ ቤት እሳት አይጠፋም፤ ፈጭቶ መቀላቀልም ይሰውረዋል እንጂ አያስወግደውም። ስለዚህ የሻገተ ዛላ ሲገኝ «ይቁላላ» ብሎ ከደህናው ጋር ማስፈጨት ቤተሰብን በእጅ መመረዝ ነው።

ለሚሸጡ ወንድሞችና እህቶችም አንድ ቃል አለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ወደተከመረ እህል እጃቸውን ሲያስገቡ ውስጡ እርጥብ ሆኖ አገኙት። ባለቤቱ ዝናብ እንደመታው ሲናገር፣ ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ከላይ ማድረግ እንደነበረበት ነግረውት፣ የሚያታልል ከእርሳቸው እንዳልሆነ አስጠነቀቁ። ሐዲሱን ሙስሊም ዘግበውታል። በርበሬ ክብደት እንዲጨምር ውሃ የሚረጭ ሰው እንግዲህ ሁለት ወንጀል ይሠራል፤ በሚዛን ያጭበረብራል፤ ሻጋታንም ይጠራል።

ሁለተኛው አየር በሌለበት የሚራባ ጀርም ነው። ቦቱሊዝም የሚባለውን አደገኛ የነርቭ መመረዝ ያመጣል። ዘሩ በአፈር ውስጥ ስለሚኖር በሥራ ሥር ላይ ይገኛል። ተራ የፈላ ውሃም አይገድለውም። ነጭ ሽንኩርት ተወቅጦ በዘይት ተሸፍኖ ለሳምንታት ከፍሪጅ ውጭ ሲቀመጥ ተስማሚ ቤት ያገኛል። ክፋቱ፣ ሽታውም ጣዕሙም ላይለወጥ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በዘይት የተያዘ ነጭ ሽንኩርት ፍሪጅ ውስጥ ሆኖ ከሦስት አራት ቀን አይለፍ፤ ለረጅም ጊዜ ከሆነ ያለ ዘይት ይቀዝቀዝ። እንዲሁም ፎሶሊያ፣ ካሮትና ቀይ ሥር በማሰሮ ተቀቅለው ብቻ በጠርሙስ ታሽገው በመደርደሪያ አይቀመጡ፤ በፋብሪካ የሚታሸጉት ከፈላ ውሃ በላይ በሆነ፣ ወደ 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ነው። ቲማቲም ኮምጣጣ ስለሆነ ይሻላል፤ እርሱም ቢሆን የሎሚ ጭማቂ ይጨመርበት። ክዳኑ ያበጠ ወይም ሲከፈት የሚተነፍስ ዕቃ ሳይቀመስ ይወገድ።

ዘካትና የጎረቤት ሐቅ

ከጓሮ አትክልት ዘካት ይወጣል ወይ? አብዛኞቹ ዑለማዎች፣ የሻፊዒይ መዝሀብን ጨምሮ፣ ዘካት የሚወጣው ለቀለብ ተከማችተው ከሚቆዩ ምርቶች እንደሆነና እንደ ጎመንና ቲማቲም ባሉ አትክልቶች ላይ ግዴታ እንዳልሆነ ይናገራሉ። ኢማም አቡ ሐኒፋ ግን ከመሬት በሚወጣው ምርት ሁሉ ላይ አለ ይላሉ። እህል ሲሆን መጠኑ አምስት ወስቅ፣ ማለትም ወደ 650 ኪሎ ግራም ሲደርስ፣ በዝናብ የበቀለው አሥር ከመቶ፣ በመስኖ የበቀለው አምስት ከመቶ ይወጣበታል። ዝርዝሩን በየአካባቢያችሁ ያሉ ዑለማዎችን ጠይቁ።

ዘካት ግዴታ ባይሆን እንኳ የሶደቃ በር ክፍት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አቡ ዘርን (ረ.ዐ.) ሹርባ ሲሠሩ ውሃውን አብዝተው ጎረቤቶቻቸውን እንዲያስቡ መክረዋቸዋል። ውሃ መጨመር ከተመከርን፣ እኛ ከጓሯችን የተረፈውን አንድ እስር ጎመን እንዴት እንነፍጋለን? ጎረቤታችን ሙስሊም ባይሆንም ሐቁ ሐቅ ነው። ስንሰጥ ደግሞ ሊበላሽ ሲል ሳይሆን ትኩስ እያለ እንስጥ፤ ለራሳችን የማንወደውን ለአላህ ብለን መስጠት አያምርብንም።

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በ2024 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ዘገባ፣ በ2022 በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ እንደባከነና ከዚህም 60 ከመቶው ከየቤተሰቡ እንደወጣ ገልጿል። ጥፋቱ የሀብታም አገሮች ብቻ አይደለም። በሱረቱል አዕራፍ (7፡31) እንድንበላና እንድንጠጣ ነገር ግን እንዳናባክን የታዘዝነው እኛም ነን፤ ቂያማ ላይም ስለ ኒዕማው የምንጠየቀው እያንዳንዳችን ነን።

እንግዲህ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ በየቤታችን እነዚህን እንሞክር። ከልጆቻችን ጋር አንድ ጆንያ ወይም አንድ መደብ እናዘጋጅ፤ ልጅ በእጁ ያበቀለውን ጎመን አልበላም አይልም። በየሳምንቱ አንድ ቀን መርጠን ያስቀመጥነውን እንፈትሽ፤ መበላሸት የጀመረውን እንለይ፤ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይበላ። ከምንለቅመው ላይ የጎረቤትን ድርሻ መጀመሪያ እንለይ። የተበላሸው ደግሞ ወደ ብስባሽ ጉድጓድ ገብቶ ለመጪው ተክል ይዋል።

አላህ (ሱ.ወ.) ሲሳያችንን ሐላል፣ ጓሯችንን ለምለም፣ ማዕዳችንን ጎረቤት የሚቋደሰው ያድርግልን። ኒዕማውን ከሚያመሰግኑት እንጂ ከሚያባክኑት አያድርገን፤ አሚን።